ስለ አሮጌ የመስክ መኪና የዲፈረንሻል ጥርስ አመራረጥ

በየወረዳው የሕዝብን ሥራ ለመጠበቅ የተሾሙ አስተዳዳሪዎችና የእርሻ ባለቤቶች ሁሉ ይህን ጽሕፈት ሲያገኙ፥ ስለ ዘርና ስለ ከብት ሊነገርበት በሚገባው ገጽ ላይ ስለ መኪና ጥርስ መነገሩ ሳያስደንቃቸው አይቀርም። ነገር ግን ዘሩ ከመጋዘን እስከ እርሻው ድረስ በራሱ እግር አይሄድም፤ ማዳበሪያውም፥ የከብቱም ክትባት፥ ገበሬውን የሚመክረውም ባለሙያ እንደዚሁ ነው። ከአስፋልቱ ወዲያ ባለው አገር ይህን ሁሉ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ፥ በአራቱም መንኰራኵር የሚጎትት አሮጌ የመስክ መኪና ነው። የዚህ መኪና ዲፈረንሻል በተሰበረ ጊዜ በምትኩ የሚገባው ጥርስ ምን ዐይነት ይሁን የሚለውን ነገር የሚወስነው ማን ነው? እንዳየሁት ከሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ወይ ዕቃውን የሚሸጠው ነጋዴ ነው፥ ወይ መፍጠን የሚወድ ሾፌር ነው። የእኔ አሳብ ግን ይህን ነገር መወሰን የሚገባው የሥራው ኀላፊ ነው፤ ሲወስንም መሠረት ማድረግ የሚገባው የመንገዱን ዳገትና የጭነቱን ክብደት እንጂ የዕቃውን ርካሽነት ወይም የመኪናውን ፍጥነት አይደለም የሚል ነው። ምክንያቱንም ከዚህ በታች በየተራው እገልጻለሁ።

አስቀድሜ ግን ያየሁትን አንድ ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደጋ ወረዳ በእርሻ ሥራ ላይ ሳለሁ፥ ለሥራው የተመደበልን አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነበረ። በግንቦት ወር መጨረሻ የኋላው ዲፈረንሻል ጥርሱ ረገፈ። ዝናቡ ሊጥል የተቃረበበት፥ የስንዴውም ዘር በመጋዘን የተከመረበት ጊዜ ስለ ነበረ ሁላችንም ቸኰልን። ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ከሌላ ላንድ ክሩዘር የወጣ ዲፈረንሻል ተገኘ፤ ዋጋውም ርካሽ ነበረ። መካኒኩ ትልቁን ጥርስ ቢቈጥረው 37 ሆኖ አገኘው፤ ከእኛም መኪና የወጣውን የተሰበረውን ቢቈጥረው 37 ሆነ። «አንድ ነው» አለን፤ እኛም አመንነው፤ ዕቃውም በሁለት ቀን ተገጥሞ መኪናው ወጣ። ትንሹን ጥርስ የቈጠረ ሰው ግን አልነበረም። የእኛው ትንሽ ጥርስ 9 ነበረ፤ የተገዛው 10 ነበረ።

መኪናው በደረቁ መንገድ በኋላ እግሩ ብቻ ሲሄድ ምንም ነገር አልታወቀም፤ እንዲያውም ሾፌሩ ፈጠነልኝ ብሎ ደስ አለው። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ግን ዘሩን ጭነን ስንሄድ ጭቃ ያዘንና ሾፌሩ የፊቱን እግር አስገባ። ከጭቃው ወጣን፤ ነገር ግን ከፊታችን ያለው ዳገት ድንጋያማ ስለ ነበረ፥ የፊቱን እግር ሳያወጣ ጭነቱን እንደያዘ ቀጠለ። የዳገቱን እኩሌታ ሳንደርስ መሪው ከበደ፤ ከሥርም እንደ መዶሻ የሚመታ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ኀይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሣጥን ተሰበረ። ዘሩን አውርደን በአህያ ለማድረስ ብዙ ቀን ፈጀብን። ከገበሬዎቹም አንዳንዶቹ ጊዜው አለፈብን ብለው በቤታቸው የነበረውን ደካማ ዘር ዘሩ። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነብን። ገበሬዎቹ ስለ ጥርሱ ነገር እስከ ዛሬ የሚያውቁት የለም፤ የሚያውቁት ቃል የገባላቸው መሥሪያ ቤት በቀኑ አለመድረሱን ብቻ ነው።

ነገሩን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የሞተሩ ኀይል በካምቢዮውና በማከፋፈያው ሣጥን አልፎ በረጃጅም ዘንጎች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። በዘንጉ ጫፍ ያለው ትንሹ ጥርስ ፒኞን ይባላል፤ እርሱ የሚያዞረው፥ በግራና በቀኝ መንኰራኵሮች መካከል ባለው የብረት ቤት ውስጥ የተቀመጠው ትልቁ ጥርስ ኮሮና ይባላል። የኮሮናው ጥርስ ቍጥር ለፒኞኑ ጥርስ ቍጥር ሲካፈል የሚገኘውን ቍጥር በዚህ ጽሕፈት የጥርስ ልክ ብዬዋለሁ። 37 ለ9 ሲካፈል 4.11 ይሆናል፤ 37 ለ10 ሲካፈል ግን 3.70 ነው። ትርጓሜውም መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ 4.11 ጊዜ ወይም 3.70 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ቍጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ይዘገያል፥ ጕልበቱ ግን ይበዛል፤ ቍጥሩ ዝቅ ሲል መኪናው ይፈጥናል፥ ጕልበቱ ግን ይቀንሳል። ሁለቱን ባንድነት የሚሰጥ ጥርስ የለም። አባቶቻችን ለሜዳው ፈረስ፥ ለገደሉ መንገድ በቅሎ ይመርጡ እንደ ነበረ፥ የጥርስ ልክም አመራረጥ እንደዚያው ነው።

ይህንንም መኪና ሠሪዎች ራሳቸው ከመጀመሪያው አውቀውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የተሠራችው የዊሊስ ጂፕ የጥርስዋ ልክ 4.88 ነበረ። ጦርነቱ ባለቀበት በ1945 ዓ.ም. ኩባንያው ያችኑ ጂፕ ለገበሬ እንድትስማማ አድርጎ ሲያቀርባት ሲጄ-2ኤ ብሎ ሰየማት። (በዚህ ጽሕፈት የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሞተሯ ያው 2.2 ሊትር የሚሆን፥ የ60 ፈረስ ጕልበት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነበረ። ከለወጡላት ነገር ዋናው ጥርሱ ነው፤ 4.88 የነበረውን 5.38 አደረጉት፤ የማከፋፈያውንም ዝቅተኛ ማርሽ ከ1.97 ወደ 2.43 ከፍ አደረጉት። እነዚህ ሁለቱ ሲባዙ የቀድሞው 9.6፥ የኋለኛው 13.1 ይሆናል። ይኸውም ከዚያው ሞተር በመንኰራኵሩ ላይ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጥ ተጨማሪ ጕልበት ተገኘ ማለት ነው። ማረሻ ለመጎተት ያስፈለገው ትልቅ ሞተር ሳይሆን ለሥራው የተስማማ ጥርስ ነበረ።

በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ የታየው ላንድ ሮቨርም አሳቡ የመነጨው ከእርሻ ላይ ነው፤ ያመነጨው ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ በጂፕ ይሠራ የነበረ ሰው ነበረና። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠሩት ላንድ ሮቨሮች የጥርሳቸው ልክ 4.7 ነበረ። ያው ፋብሪካ በ1970 ዓ.ም. ሬንጅ ሮቨር የተባለውን መኪና ሲያወጣ ግን ልኩን 3.54 አደረገው። ይህን ማድረግ የተቻለው ሬንጅ ሮቨር 3.5 ሊትር የሆነ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ስለ ነበረው ነው፤ በጊዜው የነበረው የላንድ ሮቨር ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ ባለ 4 ሲሊንደርና 2.25 ሊትር ነበረ። እንግዲህ የጥርስ ልክ ብቻውን ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም፤ ለአንድ ሞተር፥ ለአንድ ጎማና ለአንድ ሥራ ተለክቶ የተሰፋ ጫማ ነው። ለሌላ ሰው እግር የተሰፋውን ጫማ ርካሽ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው መንገድ ከመጀመሩ በፊት ያነክሳል።

ዛሬ ብዙዎች የአሮጌ ላንድ ሮቨር ባለቤቶች 4.7ቱን አውጥተው 3.54ቱን ያስገባሉ። የሚያገኙትን ጥቅም መሸሸግ አይገባም። ዙሪያው 2.5 ሜትር የሆነ ጎማ ያለው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፥ በደቂቃ 1,000 ሜትር ስለሚሄድ መንኰራኵሩ በደቂቃ 400 ጊዜ ይዞራል። ረጅሙ ዘንግ በ4.7 ልክ 1,880 ጊዜ፥ በ3.54 ልክ ግን 1,416 ጊዜ ብቻ ይዞራል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድም 2,820 የነበረው 2,124 ይሆናል። ስለዚህ በተስተካከለ አስፋልት ላይ ሞተሩ አይጮኽም፥ ድካሙ ይቀንሳል፥ ነዳጅም ይቈጥባል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ስለዚህም ነው ሾፌሮች የሚወዱት።

ነገር ግን የሚከፈለው ዋጋ ከዚህ ይበልጣል። 4.7 የነበረው 3.54 ሲሆን በመንኰራኵሩ ላይ ከሚደርሰው ጕልበት ከአራት አንድ እጅ ይጠፋል። የሚጠፋውም በአንዱ ማርሽ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ነው። ሾፌር በተለመደው መንገድ ጕልበት ሲያንሰው አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል፤ ከሁሉ በታች ያለውን ማርሽ ካስገባ በኋላ ግን ዝቅ የሚልበት ሌላ ቦታ የለውም። ጭነት የያዘ መኪና በዝናብ ጊዜ ከወንዝ ውስጥ ወጥቶ ጥምዝማዛውን ዳገት ሲጀምር የሚፈልገው ይህንኑ የመጨረሻውን ማርሽ ነው።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፤ ይኸውም የአገሩ ከፍታ ነው። አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከኀይሉ ከአሥር አንድ ያህል እጅ ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ በሙሉ አይቃጠልለትም። በ2,500 ሜትር ከፍታ የሚሠራ አሮጌ ሞተር እንግዲህ ሩብ ያህል ኀይሉን በባሕር ዳርቻ ትቶ እንደ መጣ ይቈጠራል። በዚህ ላይ በጥርሱ ለውጥ ሌላ ሩብ ሲቀነስበት፥ በቆላ በ4.7 ልክ 100 የነበረው ጕልበት በደጋ በ3.54 ልክ 56 ብቻ ይሆናል። ጭነቱ ግን በደጋም በቆላም ያው ነው፤ የዳገቱም ብዛት በደጋ ይበልጣል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች እንዳለው ሰው፥ በገዛ እጃችን የምናሳጥረው የራሳችንን ገመድ ነው።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ደግሞ ቍልቍለቱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ከድልድዩም ወዲያ ወደ ደጀን እንደዚያው ይወጣል። በሊማሊሞም የሄደ ሰው ቍልቍለት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በእንዲህ ያለው ቦታ መኪናውን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ አይደለም፤ ዝቅተኛ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። የጥርሱ ልክ በሩብ ሲቀነስ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኀይልም በሩብ ይቀነሳል፤ የቀረው ሸክም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የአሮጌ መኪና ፍሬን ደግሞ ሲግል መያዙን ይተዋል። ዳገት መውጣት ያቃተው መኪና ይቆማል፤ ቍልቍለት ላይ መያዝ ያቃተው ግን አይቆምም። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከጭነቱ በላይ ሰው እንደሚቀመጥ እናውቃለንና፥ ይህን ነገር እንደ ገንዘብ ጉዳይ ብቻ አንመልከተው።

ሌላም የተሰወረ አደጋ አለ። በአሮጌ የመስክ መኪናዎች ፍጥነቱን የሚያሳየው ሰዓት ኀይሉን የሚቀበለው ከማከፋፈያው ሣጥን እንጂ ከመንኰራኵሩ አይደለም። ስለዚህ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ሲለወጥ ሰዓቱ ለውጡን አያውቅም። ከ4.7 ወደ 3.54 በተለወጠ መኪና ላይ ሰዓቱ 60 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 80 ያህል ነው። ሾፌሩ በልኩ የሄደ እየመሰለው ያጠፋል፤ የተጓዘውም ኪሎ ሜትር አንሶ ስለሚጻፍ የነዳጁም ሒሳብ፥ ዘይት የሚለወጥበትም ጊዜ ይፋለሳል። ጥርሱ ከተለወጠ ሰዓቱም አብሮ መስተካከል አለበት።

ይህን ስል ፈጣኑ ጥርስ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። በጋምቤላ ወይም በአፋር ሜዳ፥ ዳገት በሌለበት ጥሩ መንገድ ላይ ቀላል ጭነት ይዞ የሚመላለስ መኪና ዝቅ ካለው ልክ ይጠቀማል። በቀድሞው ሞተር ፈንታ ትልቅ ወይም ተርቦ ያለው ሞተር የገባለት መኪናም እንደዚሁ ነው፤ ጕልበቱ ከተረፈው ለፍጥነት ቢመነዝረው አያስነቅፈውም። የሥራው ጠባይ ሁለቱንም የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ ኦቨርድራይቭ የሚባለውን ተጨማሪ ማርሽ ማስገጠም ነው። እርሱ ሲፈለግ ገብቶ ፍጥነትን ይሰጣል፥ ዳገት ሲመጣ ወጥቶ የቀድሞውን ጕልበት እንዳለ ይመልሳል። የዲፈረንሻሉ ጥርስ ግን አንዴ ከገባ ለሜዳውም ለዳገቱም ያው ነው፤ ሾፌሩ በመንገድ ላይ ሊያወጣው አይችልም። እንግዲህ ከአስፋልት ወጥቶ ጭነት እየያዘ ደጋ የሚወጣ መኪና፥ ፋብሪካው የሰጠውን ልክ ሊለቅ አይገባም፤ ቢለቅም ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሁን።

ወደ ላይ የሚያስኬደው ዋና ምክንያት ጎማ ነው። ብዙ ሰዎች መኪናው ከድንጋይ ከፍ እንዲል በማለት ትልልቅ ጎማ ያስገባሉ። ጎማው ሲተልቅ አንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ስለሚበዛ፥ ጥርሱ ሳይለወጥ ልኩ ዝቅ እንዳለ ይቈጠራል። ጎማው በአሥር እጅ አንድ እጅ ቢተልቅ፥ 4.11 የነበረውን ጕልበት ለመመለስ 4.52 ያህል ልክ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚቀርበው በገበያ የሚገኘው ልክ 41 ለ9 የሆነው 4.56 ነው። ይህን የማያስቡ ሰዎች ትልቅ ጎማ አስገብተው ፍሪሲዮኑ በየጊዜው ሲቃጠል ምክንያቱን ከሾፌሩ ላይ ይፈልጉታል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ፋብሪካው ያዘዘውን የጎማ ልክ እንዲመልሱ ነው፤ ከጥርስ ይልቅ ጎማ በርካሽ ይለወጣልና።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ደንብ ደርሰናል፤ ይኸውም የፊቱና የኋላው ልክ አንድ መሆን አለበት የሚለው ነው። የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው። አንዱ ፈጣን፥ አንዱ ዘገምተኛ ከሆነ ማረሻው አይሄድም፤ ወይ ቀንበሩ ይሰበራል፥ ወይ የአንዱ አንገት ይቈስላል። በታሪኬ እንደ ተናገርሁት፥ የፊቱ 4.11 የኋላው 3.70 ሲሆን፥ የኋላው መንኰራኵር 10 ጊዜ ሲዞር የፊቱ 9 ጊዜ ብቻ ይዞራል። የኋላው 1 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የፊቱ 900 ሜትር ብቻ ልሂድ ይላል። የቀረው 100 ሜትር በጎማው መንሸራተት ካልተከፈለ በብረቱ መሰበር ይከፈላል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ነገሩ ይሸፈናል፤ ደረቅ ድንጋይ ላይ ግን ይገለጣል። 41 ለ10 የሆነው 4.10 እና 37 ለ9 የሆነው 4.11 ቢጣመሩ ልዩነታቸው በ1 ኪሎ ሜትር 3 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ብዙ ጕዳት የለውም፤ ከዚህ የሰፋ ልዩነት ግን መፈቀድ የለበትም። ልካቸው አንድ በሆነም ጊዜ ቢሆን፥ መኪናው ሲታጠፍ የፊቱ መንኰራኵሮች ከኋላዎቹ የሚበልጥ መንገድ ስለሚሄዱ፥ እንዲህ ባሉት አሮጌ መኪናዎች በደረቅና በጠነከረ መንገድ የፊቱን እግር አስገብቶ መሄድ አይገባም።

ስለዚህ አንድ ዲፈረንሻል ሲሰበር የሚቀርበው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ የተሰበረውን በልኩ መተካት፥ ወይ ሁለቱንም ባንድነት መለወጥ። ሁለቱን መለወጥ የሚያስወጣው ገንዘብ ሁለት እጥፍ ስለ ሆነ፥ በልኩ የሚገኝ ዕቃ እስኪመጣ ጥቂት ቀን መታገሥ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። በዚያ መካከል ሥራው እንዳይቆም ከጎረቤት ወረዳ መኪና መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል፤ እኛ ያላደረግነው ይህንን ነው።

በመኪናው ላይ ያለው ልክ ስንት እንደ ሆነ ያልታወቀ እንደ ሆነ፥ ሳይፈቱ የሚቈጠርበት ቀላል መንገድ አለ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ መሬት ላይ የሚቀሩት መንኰራኵሮች ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ወይም እንጨት ይደገፍባቸው፤ የፊቱ እግር ወጥቶ ካምቢዮው ባዶ ይሁን። ከዚያ በኋላ አንዱ የኋላ መንኰራኵር ብቻ በክሪክ ይነሣና የብረት መቆሚያ ይደረግለት። በጎማውና በዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፥ የተነሣውን መንኰራኵር ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ነው። በዚህን ጊዜ ኮሮናው የሚዞረው አንድ ዙር ስለ ሆነ፥ ዘንጉ የዞረው ቍጥር ልኩን ይናገራል፤ ከአራት ዙር ጥቂት ካለፈ 4.11፥ አምስት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው 4.7 ወይም 4.88 ነው። የፊቱም በዚሁ ዐይነት ይቈጠራል። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በአሮጌ ላንድ ሮቨሮች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ዘንጉን እንጂ መንኰራኵሩን አይደለም። ለመቍጠር ሲባል የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት፤ ቢያዝም አንድ የኋላ መንኰራኵር ከመሬት ከተነሣ በኋላ መኪናውን አያቆመውም። ስለዚህ ድንጋዩ ሳይደገፍ ማንም ከሥሩ አይግባ።

ስለ አገባቡም ጥቂት ልናገር። ኮሮናና ፒኞን ባንድነት ተሞርደው የተጋቡ ስለ ሆኑ፥ ከአንዱ ኮሮና ከሌላው ፒኞን አድርጎ ማጣመር አይቻልም፤ በሁለቱ ላይ የተቀረጸው የጥንድ ቍጥር አንድ መሆኑ ይታይ። በሁለቱ ጥርሶች መካከል የሚቀረው ክፍተት በፋብሪካው መጽሐፍ እንደ ታዘዘው መሆን አለበት፤ በብዙዎቹ ላንድ ክሩዘሮች ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በመለኪያ እንጂ በእጅ ስሜት አይታወቅም። ጥርሶቹም በትክክል መነካካታቸው ቀለም ተቀብቶባቸው ይመረመራል። ያረጀ ኩሽኔታ በአዲስ ጥርስ ላይ አይመለስ። ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከባድ ጭነት ሳይጫንበት በዝግታ ይሂድ፤ ከዚያም ዘይቱ ይለወጥ። ይህን ማድረግ የማይችል ጋራዥ በዋጋ ርካሽ ቢሆንም ሥራው ሊሰጠው አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የማወጣው ምክር አጭር ነው። አንደኛ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት የመስክ መኪናዎች ሁሉ ክረምት ሳይገባ የፊታቸውና የኋላቸው ልክ ተቈጥሮ፥ ከጎማቸው ልክ ጋራ በመኪናው መዝገብ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ዕቃ ለመግዛት ጨረታ በሚወጣበት ጊዜ «ዲፈረንሻል» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ የኮሮናውም የፒኞኑም ጥርስ ቍጥር ይጻፍ። ልኩ ካልተጻፈ ሕጉ ዝቅተኛውን ዋጋ ያስመርጣል፤ ዝቅተኛው ዋጋ ደግሞ የእኛን ዳገት አያውቅም። ሦስተኛ፥ የተገዛው ዕቃ ሲመጣ ከመገጠሙ በፊት ኀላፊው ባለበት ሁለቱም ጥርሶች ይቈጠሩ፤ ይህ የሚፈጀው ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ ጊዜ ነው። አራተኛ፥ ልኩን መለወጥ የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ፥ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጥ፤ የፊቱና የኋላውም ባንድነት ይለወጥ፤ የፍጥነቱም ሰዓት ይስተካከል።

ጥርስ መቍጠር ከሹመት በታች የሆነ ሥራ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጎተራውን የሚጠብቅ ሰው ቍልፉን ለሌላ ትቶ ስለ እህሉ ብቻ ቢጠይቅ ተግባሩን ፈጸመ አይባልም። ገበሬው በሰኔ ማለዳ መሬቱን አለስልሶ፥ በሬውን ጠምዶ፥ ዓይኑን ወደ መንገዱ ጥሎ ሲጠብቅ፥ በዚያ መኪና ሆድ ውስጥ ያሉት ጥርሶች 9 ይሁኑ 10 አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠየቅም። ማወቅ የሚገባን መኪናውን የምንልከው እኛ ነን።